ለአባቴ የጭንቅላት ኤሌክትሪክ ማሽን ልግዛለት ወይስ ይቅር?

ሚጡ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጥያቄ ነው፣ ታገሱኝ።

አባቴ 61 ዓመቱ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ያለው። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነው። የዛሬ ስምንት ወር ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሊታጠብ ሲል ቤቱ ዞረበት፣ አስመለሰው፣ ቀጥ ብሎ መቆም አቃተው። መጀመሪያ የታየበት ቦታ «ጨጓራ ነው» ብለው መድኃኒት ሰጥተው መለሱት። በማግስቱ ሲብስበት ሌላ ቦታ ተወሰደ፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ ስትሮክ ሆኖ ተገኘ። ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ላይ፣ በቀኝ በኩል። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። ንግግሩ ትንሽ ይጎተታል እንጂ አእምሮው ደህና ነው። እጁም እግሩም አልሰለለም፣ ጉልበት አለው። ግን ሲራመድ እግሩን አራርቆ ግድግዳ እየያዘ ነው። አንድ ቀን ሱቅ ሲሄድ የሰፈር ልጆች የሰከረ መስሏቸው ሳቁበት፣ ከዚያ ወዲህ ብቻውን አይወጣም።

እኔን ያንገበገበኝ ግን መርፌው ነው። በቪዲዮ እያወራን ክር ሊያስገባ ሞከረ። እጁ ግማሽ መንገድ ድረስ ደህና ነው። ቀዳዳው ጋ ሲቃረብ ነው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው፣ በቀረበ ቁጥር ይብሳል፣ ክሩ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ያልፋል። ስድስት ሰባት ጊዜ ሞከረና መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት።

ወንድሜ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ አገኘ። 150 ዶላር አካባቢ ነው። «አንጎልን እንደ አዲስ ያስተምራል፣ ፕላስቲሲቲ ነው የሚባለው፣ ሮም ውስጥ በትንሹ አንጎል ላይ ተሞክሮ የስትሮክ ሕመምተኞች አረማመዳቸው ተሻሽሏል» ብሎ ጽሑፍ ላከልኝ። በሚቀጥለው ወር ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ፣ በሱ ልንልከው ነው። ይሄ ነገር እውነት ነው? እውነት ከሆነስ እናቴ ቤት ውስጥ ልታደርግለት ትችላለች? የምታውቁ እባካችሁ።

ኤሌክትሪሻኑ

እህቴ እኔ ብሆን እሞክራለሁ። 2 ሚሊ አምፔር ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ ከስልክ ቻርጀር ያንሳል። በ9 ቮልት ባትሪ ራሴ ሠርቼ ግንባሬ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ትንሽ ይቆረቁራል እንጂ ምንም አልሆንኩም። ስምንት ወር ሙሉ የተቀመጡ አባት ምን ይጎዳሉ?

የላብራቶሪው ልጅ

ሚጡ፣ ለአባትሽ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። ጀርመን አገር ሆኜ ዶክትሬቴን የምሠራው በዚሁ ነገር ላይ ነው፣ ትንሹን አንጎል ከውጭ በማነቃቃት ላይ። ስለዚህ ያየሁትንም የማውቀውንም ልንገርሽ። መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ፦ አባትሽ በስትሮኩ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል? ከኋላ ራስ ቅላቸው ተከፍቷል? እስክትመልሺልኝ ምንም አትግዢ።

ወንድምሽ የሰማው ውሸት አይደለም። ነገሩ በእርግጥ አለ። ትንሹ አንጎል ከጠቅላላው አንጎል መጠን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው፣ የነርቭ ሴሎቹ ግን እዚያ ነው የታጨቁት፣ ከ86 ቢሊዮኑ 69 ቢሊዮን ገደማ። ከነዚህ ውስጥ ትልልቆቹ የፑርኪንዬ ሴሎች ይባላሉ። ሥራቸው ፍሬን መያዝ ነው። ከሥራቸው ያለውን የትንሹን አንጎል መውጫ ያፍኑታል፣ ሲለቁት መልእክቱ ወደ ላይ፣ እጅና እግር ወደሚያዘው የአንጎል ክፍል ይሄዳል።

ይህን ፍሬን ከውጭ መለካት ይቻላል። በፈረንጆቹ 1995 ኡጋዋ የሚባሉ ጃፓናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ያሳዩት ነው፣ እኛም እስካሁን በሱ ነው የምንሠራው። መግነጢሳዊ ምት የሚሰጥ መጠምጠሚያ አለ፣ ኮይል እንለዋለን። አንዱን በላይኛው አንጎል ላይ አድርገሽ ስትተኩሺ የሰውየው ጣት ዘለል ትላለች፣ የዝላዩን መጠን ማሽኑ ይመዘግባል። ከዚያ ሌላ ኮይል ከማጅራት በላይ ታስቀምጪና ከዋናው ምት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሰከንድ ቀድመሽ ትተኩሻለሽ። ያኔ ያቺው ጣት የምትዘለው ባነሰ ነው። ፍሬኑ ያዘ ማለት ነው። መጀመሪያ ባየሁት ቀን ስክሪኑ ላይ ያ ማዕበል ሲቀንስ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ነበር። ግን ቀላል እንዳይመስልሽ። ትንሹ አንጎል ጥልቅ ነው፣ በላዩ ላይ የአንገት ጡንቻ አለ፣ ኮይሉ ጠንከር ሲል አንገትን ጨምድዶ ይይዛል፣ አንዳንድ ሰው ያማል ብሎ ያቋርጣል።

ወንድምሽ ያገኘው መሣሪያ ሌላኛው ዓይነት ነው፣ ቲዲሲኤስ የሚባለው። እሱ ምት አይሰጥም፣ ደካማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው በሁለት እርጥብ ስፖንጅ የሚያሳልፈው። በ2009 ጋሌያ የሚባል ተመራማሪና ጓደኞቹ 2 ሚሊ አምፔር ለ25 ደቂቃ ትንሹ አንጎል ላይ ሰጥተው ያን ፍሬን ለኩ። በአዎንታዊው ዋልታ ፍሬኑ ጠነከረ፣ በአሉታዊው ላላ። በ2011 ደግሞ አዎንታዊውን ያገኙት ሰዎች ስህተታቸውን ቶሎ አረሙ ብለው አወጡ። ዓለም ሁሉ የተነሳው ያኔ ነው። የኛ ላብ መሣሪያ የተገዛውም በዚያ ሰሞን ነው።

ከዚያ በ2017 ምን ሆነ መሰለሽ፣ ያው ጋሌያ ያለበት ቡድን ሙከራውን ደጋግሞ በተለያየ መንገድ ሠራው፣ ወጥ የሆነ ውጤት አጣ፣ ይህንኑም በግልጽ አሳተመ። ለኔ ይህ የሚያስከብር ነው፣ የራስን ግኝት እንዲህ መፈተሽ ቀላል አይደለም። የራስ ቅል ውፍረት ከሰው ሰው ይለያያል፣ ኤሌክትሪኩ የሚደርስበት ቦታ ይለያያል፣ አንዱን ያነቃቃው ሌላውን አይነካውም።

አሁን ወደ ሮሙ ጥናት። በ2019 የወጣ ጥሩ ጥናት ነው፣ ኮክ የሚባሉ ጣሊያናዊ ሐኪም የመሩት፣ 36 ሕመምተኞች የገቡበት። እባክሽ ሁለት ነገር ለወንድምሽ ንገሪው። አንደኛ፣ የተጠቀሙት እሱ ያገኘውን መሣሪያ አይደለም፣ ኮይሉን ነው፣ ሦስት ሦስት ፈጣን ምት በሰከንድ አምስት ጊዜ እየሰጠ የሚሄደውን፣ ያውም ለሦስት ሳምንት ከፊዚዮቴራፒ ጋር። ሁለተኛው ይብሳል። የነዚያ ሰዎች ስትሮክ ያለው በላይኛው አንጎል ላይ ነው፣ ግማሽ ጎናቸው የሰለለ ናቸው፣ ትንሹ አንጎላቸው ጤነኛ ነበር። ጤነኛውን ክፍል አነቃቅተው የተጎዳውን አገዙት። የአባትሽ ግን የተጎዳው ራሱ ትንሹ አንጎል ነው። አንድ ዓይነት «ስትሮክ» የሚል ስም ስላላቸው ብቻ ያኛውን ውጤት ለሳቸው ማሰብ አይቻልም። የእሳቸውን ዓይነት ይዘው የተሠሩ ትንንሽ የኮይል ሙከራዎች አሉ፣ ደቡብ ኮሪያ በ2014 አንድ ወጥቷል፣ ተስፋ ሰጪ ነው፣ ግን ገና ጅምር ነው።

ወንድም ኤሌክትሪሻኑ፣ ለክፋት እንዳላልከው አውቃለሁ። ግን ግንባርህ ላይ ያደረግከው ለሳቸው መለኪያ አይሆንም። የቆዳ መቋቋም ሲቀየር የኤሌክትሪኩን መጠን የሚቆጣጠር ነገር ከሌለ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስፖንጁ ሲደርቅ ብቻ እንኳ ያቃጥላል። ዋልታው ከተገለበጠ ደግሞ የምትፈልገውን ተቃራኒ ልታደርግ ትችላለህ። ቦታውም ቢሆን፣ ከኋላ ጭንቅላትህን ስትዳስስ የምታገኛት የአጥንት ጉብታ አለች፣ እኛ ከሷ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ለክተን ነው የምናስቀምጠው፣ ሌላኛውን ብዙ ጊዜ ጉንጭ ላይ። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ብረት ያለበት፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት ሰው ሐኪም ሳያየው ጭራሽ አይነካም።

ሚጡ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ። አዎ፣ ተከፍቷል። በሦስተኛው ቀን አንጎሉ አብጦ ራሱን ሲስት ከኋላ አጥንቱን ከፍተው ነው ያዳኑት። እናቴን አሁን ደውዬ ጠየቅኳት፣ ስትዳስሰው ከማጅራቱ በላይ በቀኝ በኩል ለስለስ ያለ ቦታ አለ አለችኝ፣ አጥንቱ አልተመለሰም ማለት ነው? መሣሪያውን የሚሸጡት ሰዎች ገጽ ላይ ይሄን የሚጠይቅ ነገር አላየሁም።

የላብራቶሪው ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ ስለጠየቅሻት። እንግዲያው መሣሪያውን አትላኩት።

አጥንት ኤሌክትሪክን በደንብ ያግዳል። ያ 2 ሚሊ አምፔር ቆዳ ላይ ሲሰጥ አብዛኛው ወደ አንጎል ሳይገባ የሚቀረው በዚያ ምክንያት ነው፣ መጠኑም የተሰላው ጤነኛ አጥንት አለ ተብሎ ነው። አጥንት በሌለበት ቦታ ግን ኤሌክትሪኩ በክፍተቱ በኩል መንገድ ያገኛል። የት እንደሚከማች፣ ምን ያህል እንደሚደርስ በግምት አይታወቅም፣ ለብቻው በኤምአርአይ ምስላቸው ላይ ተሰልቶ ነው የሚታየው። ስፖንጁ የሚቀመጠው ደግሞ ልክ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ስለ አጥንቱ ቀዶ ሕክምናውን የሠሩላቸውን ሐኪም ጠይቁ፣ የሚቀር ነገር ካለ እነሱ ያውቃሉ።

ፊዚዮ ከአዲስ

ሚጡዬ፣ እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ስለ ኤሌክትሪኩ ወንድማችን በደንብ አስረድቶሻል። እኔ የምልሽ ስለ መርፌው ነው።

ትንሹ አንጎል የሚማረው ከስህተት ነው። እያንዳንዱ የፑርኪንዬ ሴል ከወዲያ ወዲህ የሚመጡ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ይገቡበታል፣ ከነሱ ሌላ አንድ ብቻ ኃይለኛ ክር ከታች ይመጣል። ያ አንዱ ክር «ሳትክ» የሚል መልእክት ያመጣል ነው የሚባለው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲገጥሙ ያሳሳተው ግንኙነት ይዳከማል። ዴቪድ ማር የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1969፣ ጄምስ አልበስ የሚባል ሌላው በ1971 በሐሳብ ያስቀመጡትን ጃፓናዊው ማሳዎ ኢቶ በ1982 በሙከራ አሳይተውታል። ይሄን የምነግርሽ አባትሽ መርፌውን ሲስቱት የሚያፍሩበት ነገር እንዳልሆነ እንድታውቂው ብዬ ነው። ክሩ ቀዳዳውን በሳተ ቁጥር አንጎላቸው መረጃ እያገኘ ነው። ስድስት ጊዜ ስተው ካስቀመጡት ትምህርቱ ተቋረጠ። ኤሌክትሪክ ቢደረግላቸው እንኳ ልምምድ ከሌለ የሚያስተካክለው ነገር የለም።

ግን ስህተቱ መጠን አለው። ሁልጊዜ የሚስቱ ከሆነ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ሁልጊዜ የሚያገኙት ከሆነ አይማሩም። ስለዚህ ከቀጭኑ መርፌ አትጀምሪ። የጆንያ መስፊያ መርፌ ይግዙላቸው፣ ክሩም ወፍራም ይሁን፣ ጫፉን በሰም ያጠንክሩት። ክርኑ ጠረጴዛው ላይ ይደገፍ፣ በግራ እጅ የያዙት መርፌም ጠረጴዛውን ይንካ። ቀስ ብለው ይሂዱ፣ ቀዳዳው ጋ ሲደርሱ ትንፋሽ ወስደው ቆም ይበሉ። በቀን ሁለቴ፣ በአንድ ጊዜ ሃያ ሙከራ። እናትሽ ስንቱ እንደገባ ትጻፍ።

ለአረማመዱ ደግሞ ሰው አጠገባቸው ሳይኖር አይሞክሩ። ጀርመኖች በ2009 ያወጡት ጥናት አለ፣ ትንሹ አንጎላቸው እየተሸረሸረ በሄደ ሰዎች ላይ፣ ለአራት ሳምንት ጠንከር ያለ የሚዛንና የቅንጅት ልምምድ አሠርተው መሻሻል አይተዋል። ሕመሙ እየባሰ የሚሄድባቸው ሰዎች ከተሻሻሉ የአባትሽ አንዴ የመጣ ጉዳት ነው፣ ለሳቸው ይበልጥ ተስፋ አደርጋለሁ። በበር ኮሪደር መሃል ይቁሙ፣ ግድግዳው በሁለቱም በኩል እንዲሆን። እግር ገጥሞ መቆም፣ ከዚያ አንዱን እግር ከፊት ማድረግ፣ ከዚያ ወደ ጎን መራመድ። ምንጣፉን አንሱት፣ ነጠላ ጫማ አይልበሱ፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን። 150 ዶላሩ እዚህ ቤት ድረስ ለሚመጣ ፊዚዮቴራፒስት ብዙ ቀን ይሆናል።

ሲወጡ ምርኩዝ ይያዙ። ለሚዛኑም ነው፣ ለሰውም ነው። ምርኩዝ የያዘን ሰው ማንም ሰክሯል አይለውም።

ቀስ በቀስ

እኔ አታክሲያ፣ ማለትም የእንቅስቃሴ ቅንጅትና ሚዛን መታወክ፣ በዘር የመጣብኝ ሰው ነኝ፣ አውሮፓ ነው የምኖረው። እንዲህ ያለ ጥናት ውስጥ ገብቼ ስለነበር ከወንበሩ ላይ ሆኖ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

ሁለት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ። ስፖንጁን ጨው ውኃ ነክረው ከኋላ ያስሩልሻል፣ ውኃው በአንገትሽ ይወርዳል። መጀመሪያ ላይ ያሳክካል፣ ከደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ለግማሹ ሰው ማስመሰያ ነው የሚሰጡት፣ አብርተው ወዲያው ያጠፉታል፣ እሱም ያው ያሳክካል፣ ስለዚህ ማን እውነተኛውን እንዳገኘ አይታወቅም። ሲያልቅ እውነተኛው ነበር የደረሰህ አሉኝ። ከ40 የሚቆጠር የአታክሲያ መለኪያ አለ፣ ዝቅ ሲል ጥሩ ነው፣ የኔ ሁለት ነጥብ ወረደ። ልጄ በስልክ «አባ ዛሬ ቃሉ ግልጽ ነው» አለችኝ። ያን ቀን አልረሳውም።

ከአራት አምስት ወር በኋላ ግን ወደ ነበረበት ተመለሰ። ደግሞም በነዚያ ሁለት ሳምንታት ከባቡር ጣቢያ እስከ ሆስፒታሉ በየቀኑ ደርሶ መልስ 40 ደቂቃ እሄድ ነበር፣ ከዚያ በፊት ቤት ነበርኩ። የቱ እንደረዳኝ መለየት አልችልም። ሳይንቲስቶቹም አልተስማሙም። ጣሊያን ብሬሻ ከተማ ያሉት በ2018 በ20 ሰው፣ በ2021 ደግሞ በ61 ሰው ሠርተው ጠቅሟል አሉ፣ እነሱ ከትንሹ አንጎል ሌላ ጀርባ ላይ አከርካሪውንም ያነቃቃሉ። ሆላንድ ኔይሜኸን ያሉት በ2022 በአንድ ዓይነት የዘር አታክሲያ ላይ ብቻ፣ በ20 ሰው ሠርተው በዋናው መለኪያ ከማስመሰያው የተለየ አላገኙም። እኔ አሁንም ሌላ ጥናት ቢጠሩኝ እገባለሁ። ሐኪም አጠገቤ ሆኖ፣ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ ከሆነ። ቤቴ ውስጥ ግን አላደርገውም። መራመዱን አላቋረጥኩም፣ በየቀኑ ያችኑ 40 ደቂቃ እሄዳለሁ።

ኤሌክትሪሻኑ

አጥንታቸው እንደተከፈተ አላወቅኩም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። ሞክሪ ያልኩትን ሰርዤዋለሁ።

ሚጡ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

መሣሪያውን አልገዛንም። ወንድሜ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ጽሑፋችሁን ሙሉውን አንብቤለት «አጥንቱን እንዴት ረሳሁት» ብሎ ዝም አለ። በገንዘቡ ፊዚዮቴራፒስት በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል። ለሐኪሙም ተነግሯል፣ ስለ አጥንቱ በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አለው።

እናቴ የልጆች ደብተር ላይ ነው የምትጽፈው፣ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የመጀመሪያው ቀን ከ20 ሦስት። ሁለተኛው ሳምንት ሰባት፣ ከዚያ አንድ ቀን ጉንፋን ይዞት ወደ ሁለት ወረደ፣ ያን ቀን ከጎኑ «ደክሞታል» ብላ ጽፋለች። ትናንት በጆንያ መርፌው 16። ቀጭኑን አሁንም አልቻለም። ግን ትናንት በቪዲዮ ሳየው ሲስተው መርፌውን አላስቀመጠም። «ቆይ» አለኝና ደገመው።

ፊዚዮ እህቴ፣ 16 ከደረሰ መርፌውን ልቀይርለት?

ፊዚዮ ከአዲስ

እልል! እናትሽን ሳሚልኝ፣ ያ ደብተር ትልቅ ነገር ነው።

መርፌውን ገና አትቀይሪው። መጀመሪያ ክርኑን ከጠረጴዛው ላይ ያንሱት፣ በዚያው በጆንያ መርፌ። ቁጥሩ ወደ ስምንት ዘጠኝ ይወርዳል፣ አትደንግጪ፣ ለአባትሽም አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እንደገና 15 ሲደርሱ ክርኑን መልሰው ያስደግፉና ወደ ብርድ ልብስ መስፊያው መርፌ ይውረዱ። አንዱን ብቻ ነው በአንድ ጊዜ የምታከብጂው። መብራቱም ከግራ በኩል ይሁን፣ የቀኝ እጃቸው ጥላ ቀዳዳው ላይ እንዳያርፍ።